ዜግነቱ ተገኘ፣ ድምፁስ? በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ተመዝግቦ አውቆ የመምረጥ መመሪያ

ቃለ መሐላው አልቋል። ትንሿ ባንዲራ እጃችሁ ላይ ነች፣ ፎቶው ተነስቷል፣ ቤተሰብ ለምሳ እየጠበቀ ነው። ከአዳራሹ ስትወጡ አንዲት ሴትዮ ፎርም ይዛ «ለመምረጥ ትመዘገባላችሁ?» ትላለች። አብዛኛው ሰው «በኋላ» ብሎ ያልፋታል። ያ «በኋላ» ብዙ ጊዜ ፕሬዚዳንት የሚመረጥበት ዓመት ድረስ ይቆያል። አንዳንዱ ቤት ጭራሽ ሳይመጣ ይቀራል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር። በዚህ አካባቢ የአበሻ ድምፅ በጣም የሚከብደው በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ታችኛ ክፍል ነው። ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው የካውንቲ፣ የትምህርት ቦርድና የሰፈር ተመራጮች የሚገኙት እዚያ ነው። ስለዚህ ምዝገባውን ቶሎ እንጨርስና ወረቀቱ ላይ እንቆያለን።

መመሪያው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ አካሄዱን ውሰዱ፤ ቀኖቹና ወረቀቶቹ ግን የተለዩ ናቸው። ለምሳሌ ቴክሳስ ምዝገባውን ከምርጫው 30 ቀን በፊት ይዘጋል፤ ሚኔሶታ ደግሞ በምርጫው ዕለትም ይመዘግባል። ዓመቱም ሰዓቱም የፈረንጅ ነው።

1. መጀመሪያ ዜጋ ሁኑ

ይህ ቀልድ አይደለም። ግሪን ካርድ በፌደራልና በስቴት ምርጫ የመምረጥ መብት አይሰጥም። ወርክ ፐርሚት፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ)፣ አሳይለምም እንደዚያው። በ1996 በወጣው ሕግ ዜጋ ሳይሆኑ በፌደራል ምርጫ ድምፅ መስጠት እስከ አንድ ዓመት ያሳስራል። ከእስሩ የሚብሰው የኢሚግሬሽኑ ጣጣ ነው። «ዜጋ ነኝ» ብሎ በሐሰት መፈረም ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ለዜግነት የሚሞላው ኤን-400 ፎርምም ተመዝግባችሁ ወይም መርጣችሁ ታውቁ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቃል።

ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በተንኮል ሳይሆን በጥድፊያ ነው። ሰውየው መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዷል። ሠራተኛዋ ጥያቄዎቹን በፍጥነት ታነባለች፣ ወይም ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ይመጣሉ። አድራሻህ ይሄ ነው? አዎ። መነጽር ታደርጋለህ? አይ። ዜጋ ነህ? መራጭ ሆነህ መመዝገብ ትፈልጋለህ? እንግሊዝኛው ገና ያልገባው ሰው እዚህም ላይ «የስ» ብሎ ይፈርማል። በ1993 በወጣው የፌደራል ሕግ መሠረት መንጃ ፈቃድ ቤቶች መራጭ ይመዘግባሉ፤ ስለዚህ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። ዲቪ ደርሶት በቅርቡ የገባ ዘመድ ይዛችሁ ስትሄዱ ያቺን ጥያቄ እናንተ ጠብቁለት።

በስህተት የተመዘገበ ካለ፣ ለዜግነት ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ጎረቤት፣ ፎርም ሞይ ወይም የቲክቶክ ላይቭ ለዚህ አይበቃም።

ወጣ ያለ ነገርም አለ። ሜሪላንድ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለራሷ የከተማ ምርጫ ዜግነት አትጠይቅም። ዲሲም በ2022 ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ከንቲባና የከተማ ምክር ቤት እንዲመርጡ ሕግ አውጥታለች፤ ኮንግረስ ውስጥ ሕጉን ለመሰረዝ ብዙ ተሞክሯል። መብቱ መብት ነው። እኔ ብሆን ግን የዜግነት ማመልከቻዬ ሳያልቅ፣ ጠበቃ ሳልጠይቅ እዚያ ውስጥ አልገባም።

2. ስማችሁንና ልደታችሁን አስማሙ

ፈረንጅ የማይገጥመው የእኛ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። የአባት ስም ላስት ኔም ላይ ገብቷል። የአያት ስም በአንዱ ወረቀት አለ፣ በሌላው የለም። «ገብረ» እና ተከታዩ በአንዱ ተጣብቀዋል፣ በሌላው ተለያይተዋል። የልደት ቀን ደግሞ አለ። መስከረም 1 የተወለደ ሰው በአንዱ ወረቀት ሴፕቴምበር 1፣ በሌላው ሴፕቴምበር 11 ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ አንዱ ተርጓሚ አስልቷል፣ ሌላው ወሩን ብቻ ቀይሯል።

የምርጫ ቢሮው የምትሞሉትን የሚያመሳክረው ከመንጃ ፈቃዱ ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ ጋር ነው። ካልገጠመ ምዝገባው ይንጠለጠላል፣ ደብዳቤ ይመጣል፣ ደብዳቤው ሳይከፈት ይጣላል። ስለዚህ ትክክለኛው ልደቴ የቱ ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ተዉትና መታወቂያችሁ ላይ ያለውን ቃል በቃል ገልብጡ።

ዜግነት ስትወስዱ ስም ከቀየራችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ መንጃ ፈቃድ፣ ከዚያ የመራጭ ምዝገባ። ገልብጦ የጀመረ ሰው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል።

3. ተመዝገቡ፣ ከዚያ መመዝገባችሁን አረጋግጡ

የስቴቱ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ካላችሁ በምርጫ ቢሮው ድረ ገጽ ላይ ከስልካችሁ ትጨርሱታላችሁ። ገጹ ካልተገኘላችሁ ቮት ዶት ጎቭ ላይ ገብታችሁ ስቴታችሁን ምረጡ፤ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይወስዳችኋል። ኢንተርኔት የማይሆንላችሁ የወረቀቱን ፎርም ሞልታችሁ በፖስታ መላክ ወይም በአካል መስጠት ትችላላችሁ። ምንም ክፍያ የለውም። ብር የሚጠይቃችሁ ካለ ሌባ ነው።

አድራሻ ላይ የአፓርትመንት ቁጥሩን አትርሱ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ስካይላይን አካባቢ ባለ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ከአንዱ አፓርትመንት ወደ ሌላው ስትዛወሩም አድራሻውን ቀይሩ። ስቴት ከቀየራችሁ የድሮው ምዝገባ አይከተላችሁም፤ እንደ አዲስ ነው የምትመዘገቡት።

ሜሪላንድና ዲሲ አስቀድሞ የሚደረገውን ምዝገባ ከምርጫው 21 ቀን በፊት ይዘጋሉ። የቨርጂኒያን ቀን ከስቴቱ የምርጫ ቢሮ ላይ እዩ። ቀኑ ያለፈበት ሰው ግን ቤቱ አይቀመጥ። በሜሪላንድና በዲሲ አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት ይዞ ሄዶ እዚያው ተመዝግቦ መምረጥ ይቻላል። ቨርጂኒያም ከ2022 ወዲህ ይህንን ትፈቅዳለች፤ ብቻ የምትሰጡት ወረቀት ፕሮቪዥናል የሚባለው ነው። ለብቻው በፖስታ ታሽጎ ይቀመጥና መረጃችሁ ሲጣራ ይቆጠራል።

ከተመዘገባችሁ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ካርድ በፖስታ ይመጣል። ካልመጣ ድረ ገጹ ላይ ስምና ልደት አስገብታችሁ እዩ። ይህችን ማጣራት በየምርጫው ከወር በፊት ብትደግሟት አይጎዳም።

ልጆቻችሁስ? ለኖቬምበሩ ምርጫ 18 የሚሞላው የ17 ዓመት ልጅ በሦስቱም ቦታ በፕራይመሪው፣ ማለትም ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ፣ መምረጥ ይችላል። ብዙ ወላጅ ይህንን አያውቅም።

ስለ ፓርቲ አንድ ነገር

ፎርሙ ፓርቲ ሲጠይቅ የእኛ ሰው ይደነግጣል። ኢሕአፓን፣ መኢሶንን፣ ኢሠፓን ያየ ትውልድ ስሙን ፓርቲ ላይ ማስፈር ያስፈራዋል፤ አይፈረድበትም። እዚህ ግን ዴሞክራት ወይም ሪፐብሊካን ብሎ መመዝገብ መዋጮ የለው፣ ስብሰባ የለው፣ የአባልነት ደብተር የለው። በኖቬምበርም የፈለጋችሁትን ሰው ትመርጣላችሁ።

ባዶ መተዉ ግን ዋጋ አለው። ሜሪላንድ ውስጥ ፓርቲ ያላስመዘገበ ሰው በፓርቲዎቹ ፕራይመሪ ድምፅ አይሰጥም፤ የሚደርሰው እንደ ትምህርት ቦርድ ያለው ፓርቲ የሌለበት ክፍል ብቻ ነው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ጨዋታው የሚያልቀው በዴሞክራቶቹ ፕራይመሪ ነው። በ2018 የካውንቲው ኤክስኪዩቲቭ (የካውንቲው አስተዳዳሪ) ፕራይመሪ በ77 ድምፅ ተለየ። በ2022 ያው ሁለቱ ሰዎች፣ ማርክ ኤልሪችና ዴቪድ ብሌየር፣ እንደገና ተፋጠጡና ኤልሪች በ32 ድምፅ አሸነፈ። ሠላሳ ሁለት! አንድ መካከለኛ ዕድር ከዚህ የበለጠ አባል አለው። ፓርቲ መቀየር የምትፈልጉ ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት ጨርሱት። ዲሲም በፓርቲ ትመዘግባለች፤ ከንቲባውም በተግባር የሚለየው በዴሞክራቶቹ ፕራይመሪ ስለሆነ ደንቡን ከምርጫ ቦርዱ ጠይቁ። ቨርጂኒያ በፓርቲ አትመዘግብም፤ በፕራይመሪ ቀን የአንዱን ፓርቲ ወረቀት ጠይቃችሁ መምረጥ ትችላላችሁ።

ማንን እንደመረጣችሁ ምስጢር ነው። ተመዝግባችሁ መምረጣችሁ ግን በዝርዝር ውስጥ አለ፤ ተወዳዳሪዎች ያንን ዝርዝር አግኝተው ነው በራችሁን የሚያንኳኩት። ደኅንነት የላከው ሰው አይደለም።

4. ወረቀቱን ቤታችሁ ፍቱት

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። አብዛኛው ሰው ከላይ ያለውን የታወቀ ስም አጥቁሮ የቀረውን ባዶ ይተዋል፣ ወይም በስሙ ዜማ ይመርጣል። ወረቀቱ ግን አስቀድሞ ይገኛል። ከምርጫው በፊት የሦስቱም ምርጫ ቢሮዎች በአድራሻችሁ ልክ የናሙና ወረቀቱን ያወጣሉ። አትሙት። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ጠረጴዛው ላይ ዘርጉት፣ እንግሊዝኛ የሚቀናውን ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ እስክሪብቶ ያዙ። የዲሲ ነዋሪዎች ቀለል ይላችኋል። በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ የምርጫ ቦርዱን በአማርኛ የተዘጋጀ መረጃ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ከታች ወደ ላይ ጀምሩ።

ዲሲ ውስጥ መጨረሻ አካባቢ ኤኤንሲ የሚባል አለ። የሰፈር አማካሪ ኮሚሽነር ነው። ለሁለት ዓመት ይመረጣል፣ ደመወዝ የለውም፣ የሚወክለው 2,000 ገደማ ሰው ነው። ትንሽ ይመስላል። 9ኛ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ያለውን ሰው ጠይቁት። የመጠጥ ፈቃድ ሲያወጣ ወይም ሲያድስ፣ የሙዚቃ ሰዓት ሲያስረዝም፣ ውጭ ጠረጴዛ ሲያወጣ የኤኤንሲው አስተያየት የከተማው ቢሮ ፊት በሕግ ክብደት የሚሰጠው ነው። በዚህ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ተፎካካሪ እንኳን የለም። ዕጩ ለመሆን የሚጠየቀው 25 የጎረቤት ፊርማ ነው። አንድ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ከእሁድ ቅዳሴ በኋላ ሊሰበስበው የሚችል ቁጥር ነው፤ የሚፈርሙት ግን የዚያው ሰፈር ተመዝጋቢ መራጮች መሆን አለባቸው።

የሕዝበ ውሳኔ ጥያቄዎችም ታች ናቸው። እነዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ምክንያቱም በቀጥታ ኪስ የሚነኩ አሉ። የዲሲውን የቲፕ ደመወዝ ጉዳይ እንይ። አስተናጋጆች ከቲፕ ውጪ በሰዓት 5 ዶላር ከ35 ሳንቲም ይከፈላቸው የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በጁን 2018 ሕዝቡ ኢኒሺየቲቭ 77 የተባለውን አጽድቆ ይህ ዝቅተኛ ክፍያ ቀስ በቀስ እንዲቀር ወሰነ። በኦክቶበር የከተማው ምክር ቤት ሰረዘው። በኖቬምበር 2022 ያው ሐሳብ ኢኒሺየቲቭ 82 ሆኖ ተመልሶ መጣና ከመራጩ ከ70 በመቶ በላይ ደገፈው። በ2025 ምክር ቤቱ እንደገና ገብቶ ጭማሪውን አዘገየው። የእኛ ሰው በሁለቱም በኩል ነበር፤ አስተናጋጇም የእኛ፣ ባለ ምግብ ቤቱም የእኛ። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ለናንተ ልተወው። የመረጣችሁትን ሕግ የሚሽረው ምክር ቤትም እዚያው ወረቀት ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ተጽፏል።

ጥያቄዎቹ የሚጻፉት በጠበቃ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን አንብባችሁ «እወዳለሁ፣ አልወድም» አትበሉ። «ዬስ ብል ዛሬ ያለው ምን ይለወጣል? ኖ ብል ምን እንዳለ ይቀጥላል?» ብላችሁ በአማርኛ ጎኑ ላይ ጻፉት። መልሱን መጻፍ ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው።

የካውንቲው ክፍል ይቀጥላል። የቤት ግብር፣ የኪራይ ደንብ፣ መንገድ፣ ፖሊስ፣ ቤተ መጻሕፍት እዚህ ይወሰናል። ፌርፋክስ ያላችሁ የሱፐርቫይዘሮች ቦርዱንና የትምህርት ቦርዱን በ2023 መርጣችኋል፤ ቀጣዩ በ2027 ነው። የቨርጂኒያ ችግሯ ይሄ ነው፦ ብዙው የአካባቢና የስቴት ምርጫዋ በጎዶሎ ዓመት ስለሚውል፣ ፕሬዚዳንት ብቻ የሚጠብቅ ሰው ሳያውቀው ያልፋል። ዐቃቤ ሕጉና ሸሪፉም ተመራጮች ናቸው፤ ይህ ከአገራችን አሠራር ስለሚለይ ብዙዎቻችን ባዶ እንተወዋለን። ልጁ በፖሊስ የተያዘበት ወላጅ ግን የዐቃቤ ሕጉን ሥልጣን ያውቀዋል።

ለእያንዳንዱ ስም ሦስት ነገር በቂ ነው። አሁን ምን ይሠራል? የሚወዳደርበት ቦታ ሥልጣኑ ምንድነው? ከዚህ በፊት በዚያ ጉዳይ ላይ ምን አደረገ ወይም እንዴት ድምፅ ሰጠ? የሴት መራጮች ሊግ፣ በ1920 የተቋቋመው ገለልተኛ ድርጅት፣ ቮት 411 በሚባለው ገጹ ላይ ለተወዳዳሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቦ መልሳቸውን ጎን ለጎን ያወጣል። ያልመለሰ ተወዳዳሪም ስለ ራሱ አንድ ነገር ነግሯችኋል። ከዚያ ባለፈ ስልክ ደውሉ። የትንንሽ ቦታ ዕጩዎች ስልክ ያነሳሉ። አንዳንዶቹ ምግብ ቤታችን መጥተው እንጀራ ቆርሰው ፎቶ ይነሳሉ፤ ጥሩ ነው፣ ግን በጥሕሎና በክትፎ ላይ ስለ ትምህርት ቤቱ በጀት ጠይቋቸው።

ስለ ዕጩ ወይም ስለ ምርጫ ቀን በዋትስአፕና በቴሌግራም የሚዞር ነገር ሲደርሳችሁ፣ ከማስተላለፋችሁ በፊት ከምርጫ ቢሮው አጣሩ። «የአገራችንን ጉዳይ የሚደግፍ ነው» የሚል ዘመቻም ይኖራል። የአገር ቤት ጉዳይ ማሳሰቡ ያለ ነው። ግን የትምህርት ቦርድ ዕጩ ስለ አዲስ አበባ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ የሚችለው ስለ ልጃችሁ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው።

«የኔ አንድ ድምፅ ምን ትሠራለች» ለሚል ሰው የኒውፖርት ኒውስን ታሪክ ንገሩት። በ2017 ለቨርጂኒያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 94ኛ ወረዳ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 11,608 ድምፅ አገኙ። እኩል። በጃንዋሪ 4፣ 2018 የሁለቱ ስም ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ በፎቶ ፊልም መያዣ ውስጥ ታሽጎ፣ ከጎድጓዳ ሳህን ዕጣ ወጣ። ዴቪድ ያንሲ ደረሰው፤ ሼሊ ሲሞንድስ ቀረባት። ሪፐብሊካኖቹ ምክር ቤቱን እንዲይዙ የወሰነው ያ ዕጣ ነበር። እንደ ዕቁብ።

ወረቀቱ ላይ ስማችሁ እንዲጻፍ የምትፈልጉም ካላችሁ፣ መንገዱ ረጅም አይደለም። ጋምቤላ ተወልዶ በስደተኛ ካምፕ ያለፈው ኦባላ ኦባላ የአሜሪካ ዜግነቱን ያገኘው በዲሴምበር 2019 ነው። በኖቬምበር 2020 በሚኔሶታ የኦስቲን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ።

5. ቀናችሁን ምረጡ

ሌሊት ሆስፒታል ለሚሠራ፣ ታክሲ ወይም ኡበር ለሚነዳ፣ ጋራዥ ፓርኪንግ ላይ ለሚቆም ሰው ማክሰኞን መጠበቅ ትርጉም የለውም። ቨርጂኒያ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ጀምራ ያለ ምንም ምክንያት በአካል ታስመርጣለች፤ ከምርጫው በፊት ያለው ቅዳሜ ይዘጋል። ሜሪላንድ ለ8 ቀን ትከፍታለች። ዲሲ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ ወረቀቱን በፖስታ ትልካለች።

በፖስታ የምትመርጡ፣ መሐላው ያለበትን ፖስታ ፈርሙ። ድምፅ ውድቅ ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይቺው ፊርማ ናት። ባልና ሚስት ፖስታ እንዳትለዋወጡ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ከደረሳችሁ ለፖስታ ቤት አትስጡ፤ የምርጫ ቢሮው ባስቀመጣቸው ሳጥኖች ውስጥ ክተቱት። ከዚያ ደርሶ እንደሆነ በኢንተርኔት ተከታተሉ።

በዕለቱ የምትሄዱ ደግሞ፣ ቨርጂኒያ ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 7፣ ሜሪላንድና ዲሲ ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 8 ክፍት ናቸው። መዝጊያው ሰዓት ላይ ሰልፍ ውስጥ ያለ ሰው ሳይመርጥ አይመለስም፤ ማንም ሂድ ቢለው አይውጣ። ሜሪላንድ ውስጥ የሥራ ሰዓታችሁ ምርጫው ክፍት ባለበት ጊዜ ተከታታይ ሁለት ሰዓት ነፃ ካልተወላችሁ አሠሪው እስከ ሁለት ሰዓት ከነክፍያው ሊፈቅድ ይገባል። ዲሲም ሁለት ሰዓት ትሰጣለች። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ሕግ የላትም፣ ለዚያ ነው ቀደም ብሎ መምረጡ።

6. ውስጥ ስትገቡ

በሩ ላይ የፓርቲ ሰዎች ቀለም ያለው ወረቀት ያድላሉ። ትወስዱታላችሁም፣ አትወስዱምም። በሕግ ርቀት አላቸው፦ ቨርጂኒያ 40 ጫማ፣ ዲሲ 50፣ ሜሪላንድ 100። እናንተም የዕጩ ስም ያለበት ቲሸርት ወይም ኮፍያ አድርጋችሁ አትግቡ።

ቨርጂኒያ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ግን የግድ ፎቶ ያለው አይደለም፤ የመብራት ቢልም ይሆናል። ምንም ከሌላችሁ ማንነታችሁን በፊርማ አረጋግጣችሁ ትመርጣላችሁ። ሜሪላንድና ዲሲ ብዙውን ጊዜ አይጠይቁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመርጡ ይዛችሁ ሂዱ። የዜግነት ሰርተፊኬቱን ቤት ተዉት። እሱ ከጠፋ ሌላ ለማውጣት ብዙ መቶ ዶላር ይጠይቃል።

አሁን ለእናትና ለአባቶቻችሁ። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ ገብቶ እንዲያነብለት የፌደራል ሕግ ይፈቅዳል። የድምፅ መብት ሕጉ ክፍል 208 ነው፤ በመላው አሜሪካ ይሠራል። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የዕቁብ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። የማይፈቀዱት አሠሪያቸው ወይም ወኪሉ፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበራቸው ኃላፊ ወይም ተወካይ ብቻ ናቸው። ፎርም ላይ ሁለታችሁም እንድትፈርሙ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ሠራተኛው ደንቡን ካላወቀው ሳትጨቃጨቁ «ሴክሽን ቱ ኦ ኤይት» በሉና ኃላፊውን አስጠሩ። ረዳት የሆናችሁ ደግሞ አንብቡ፣ ተርጉሙ፣ ከዚያ ዝም በሉ። እማማ የመረጡትን ሰው ባትወዱትም የሳቸውን ነው የምታጠቁሩት።

ቤት ያዘጋጃችሁትን ወረቀት ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። በስልክ አትተማመኑ፤ ሜሪላንድ ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ስልክ መጠቀም ክልክል ነው።

ወረቀቱ ላይ ሞላላዋን ክብ በተሰጣችሁ እስክሪብቶ ሙሉ በሙሉ አጥቁሩ። ራይትም ኤክስም አታድርጉ። «ከሁለት ሰው ያልበለጠ» በሚለው ላይ ሦስት ካጠቆራችሁ የዚያ ቦታ ድምፃችሁ አይቆጠርም፤ አንድ ብቻ ብትመርጡ ግን ምንም ችግር የለውም። ከተሳሳታችሁ አትሰርዙ፣ አትደልዙ። ወረቀቱን መልሱና ሌላ ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል። ጀርባውንም ገልብጡ፤ የሕዝበ ውሳኔ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ እዚያ ናቸው። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ራሳችሁ ታስገባላችሁ። መቀበሉን ስክሪኑ ላይ ሳታዩ አትሂዱ።

ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ የለም ቢሏችሁ «ፕሮቪዥናል ባሎት» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ያዙና ተቆጥሮ እንደሆነ በኋላ አጣሩ። ሌላ ሰነድ አምጡ ከተባላችሁ መቼና የት እንደሆነ አጽፉ።

ሌላ ነገር፣ የምርጫ ጣቢያ ሠራተኞች ይከፈላቸዋል፤ የካውንቲው ምርጫ ቢሮ ሥልጠናውን ራሱ ይሰጣል። ሜሪላንድ በወላጅ ፈቃድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ትቀበላለች። አማርኛ የሚናገር ልጅ ቤት ካላችሁ ማመልከቻውን ዘንድሮ ያስገባ።